ፎርጅዱን ሸክላ ይዤ፦ ከፍራንክፈርት እስከ ፓሪስ

ሐሙስ፣ ፍራንክፈርት

ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ነው ስጦታዬን ያመጣችው። የአክስቴ ልጅ ናት፤ እኔ ግን እትዬ ነው የምላት። ትልቄ ናት፣ በልጅነቴ አዝላ ያሳደገችኝ። የድሮ የሙዚቃ ሸክላ እንደምሰበስብ ታውቃለች። ከወር በፊት ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ፣ 45 ዩሮ ከፍላ፣ አንድ ሲንግል (አንድ ሁለት ዘፈን ብቻ ያለበት ትንሽ ሸክላ) ገዝታልኛለች። የአምሃ ሬከርድስ፣ የድሮው የአዲስ አበባ ሙዚቃ አሳታሚ፣ ሸክላ!

በጉዞው ሰሞን አንድ ዩሮ በባንክ 33 ብር ገደማ ነበር። 45 ዩሮ ወደ 1,500 ብር መሆኑ ነው። እትዬ የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ሰው ናት። ገንዘቧ እንዴት እንደሚመጣ አውቃለሁ።

ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥቼ መሀሉ ላይ ያለውን ወረቀት አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩ። «አደስ አበባ» ይላል። የ«ዲ» እግር የለችም። ፊደሉን ጠጋ ብዬ ሳየው ደግሞ ሁልጊዜ ኮምፒውተሬ ላይ የማየው ፊደል ነው፤ ኒያላ የሚባለው። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ፊደል ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ። ይህ ሸክላ ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ታተመ የተባለ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ አንዷ ብቻ ትለያለች፣ እሷ ጋ ስደርስ እናገራለሁ።)

እትዬ ለኔው ብላ ትንሽ የሻንጣ ቅርጽ ያለው ማጫወቻ ተውሳለች። አስቀመጥነው። ዘፈኑ ጀመረ፤ ከሥሩ ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚል የጭረት ድምፅ ይሰማል። ሸክላውን መብራት ላይ አዙሬ አየሁት። እንደ መስታወት የጠራ ነው፣ አንድ ጭረት የለውም። ጭረቱ ይሰማል፣ አይታይም። የሌላ ያረጀ ሸክላ ድምፅ ነው ተቀድቶ እዚህ የታተመው ማለት ነው።

እትዬ ዓይን ዓይኔን ታያለች። «ደስ አለህ?» አለችኝ። «በጣም» አልኳት። ዶሮ ወጡ ቀርቧል፤ እንጀራው ከጤፍና ከሌላ ዱቄት ተደባልቆ የተጋገረ ቢሆንም ዓይኑ ያማረ ነው። ያን ቀን እውነቱን ልነግራት አልቻልኩም። የአውሮፓን የሸክላ ሰብሳቢዎች ገበያ ለማየት ነበር የመጣሁት፤ ሸክላውንም ለሰዎች አሳየዋለሁ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ዓርብ፣ ወደ ዩትሬክት

ከፍራንክፈርት ዩትሬክት ቀጥታ ባቡር አለ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። የኔው ግን ዱይስቡርግ ላይ ተበላሸና ውረዱ ተባልን። በጀርመንኛ ነው የተነገረው። ሰው ሲነሳ አይቼ ነው የተነሳሁት። ዝናብ በሚያስገባ ፕላትፎርም ላይ ሁለት ሰዓት ቆምን። አንድ ቡና 3 ዩሮ፣ ወደ 100 ብር መሆኑ ነው። ሰፈሬ ያኔ በዚህ ብር ስድስት ማኪያቶ ይጠጣ ነበር።

ዩትሬክት የገባሁት መሽቶ ነው። ከባቡር ጣቢያው ሥር 12,500 ብስክሌት የሚይዝ ማቆሚያ አለ። ቆሜ አየሁት። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ያደርኩት በአንድ የሽማግሌ ባልና ሚስት ቤት ነው፣ ሌሊቱን በ68 ዩሮ ከነቁርሱ። ደረጃቸው መሰላል ነው ማለት ይቀላል። ሻንጣዬን አባትየው ካልያዝኩልህ ብለው ግብግብ ገጠሙኝ። በስንት ልመና ተውልኝ።

ቅዳሜ፣ ዩትሬክት

ቁርስ ላይ ሰዎቹ ዳቦ ላይ ቅቤ ይቀቡና የቸኮሌት ፍርፋሪ ይነሰንሱበታል። አዋቂ ሰው ነው እንዲህ የሚበላው። ጣፋጭ ነው፣ ሁለት በላሁ።

ከዚያ ያርቡርስ። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው ትልቁ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ነው። ያኔ በዓመት ሁለቴ፣ በጸደይና በመኸር፣ የሸክላ ገበያ ይቆምበት ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ ነጋዴዎች ከየአገሩ ይመጡ ነበር። ስገባ የመታኝ ሽታው ነው፤ አሮጌ ካርቶን፣ እርጥብ ካፖርት፣ ቡና። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ሳጥን ይገለብጣል። የጣት ድምፅ ብቻ፤ ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ።

መጀመሪያ የተማርኩት ከአንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ ነው። ዕድሜያቸው ሰባ ይሆናል። የእትዬን ሸክላ አሳየኋቸው። አንድም ቃል አማርኛ አይችሉም፤ ግን ፊደሉን ትተው ሸክላውን ወደ ጎን አዘነበሉትና ከመጨረሻው ዘፈን በኋላ ያለችውን ልሙጥ ቀለበት ተመለከቱ። እዚያ ላይ ፋብሪካው የሚጭራት ቁጥር አለች። «ይህ ቁጥር የትናንት ነው» አሉኝ። እኔ በፊደሉ ያገኘሁትን እሳቸው በቁጥሩ አገኙት።

ከዚያ ማጉያ መነጽር ሰጡኝና የሁለት ሽፋን ሥዕል አስተያዩኝ። በኦሪጅናሉ ላይ የቀለም ነጥቦቹ ተራቸውን ይዘው ተደርድረዋል፣ የጽሑፉም ጠርዝ ስለት አለው። ፎርጅዱ ግን የተነሳው ከታተመ ሽፋን ላይ ስለሆነ ነጥብ በነጥብ ላይ ይደራረባል፣ ጽሑፉ ይፈዛል። ምሳሌም አሳዩኝ። ቪ ጄይ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1964 ያወጣው የቢትልስ ኤልፒ (ብዙ ዘፈን የያዘ ትልቅ ሸክላ) አለ፤ ፎርጅድ ከበዛባቸው ሸክላዎች አንዱ ነው። በእውነተኛው ሽፋን ላይ ከጆርጅ ሃሪሰን ጎን ጥላው ይታያል። ብዙዎቹ ፎርጅዶች ላይ ጥላው የለም። ሰውዬው ጣታቸውን አስቀምጠው ጥላውን ሲያሳዩኝ እጃቸው እንኳ ጥንቃቄ ነበረው።

የቃላቱንም ልዩነት ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። ሰብሳቢዎች ቡትሌግ የሚሉት በኦፊሴል ወጥቶ የማያውቅ ነገር ነው፤ ኮንሰርት ላይ በድብቅ የተቀዳ፣ ከስቱዲዮ ሾልኮ የወጣ። የመጀመሪያው ዝነኛ የሮክ ቡትሌግ በ1969 ሎስ አንጀለስ የወጣው የቦብ ዲላን ድርብ ሸክላ ነው። ነጭ ሽፋን፣ ምንም ያልታተመበት። ፎርጅድ ግን ሌላ ነው። የወጣን ሸክላ ከነሽፋኑ፣ ከነስሙ፣ ከነዓርማው አስመስሎ መሥራት ነው። አንደኛው ተደብቆ ይሸጣል፣ ሁለተኛው ሌላ ሰው መስሎ ይሸጣል።

1969 ሲሉኝ ልቤ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። አምሃ እሸቴም የጀመረው በ1969 ነው። ያኔ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በንጉሡ አዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ አዋጁን ደፍሮ የአለማየሁ እሸቴን «ትማርኪያለሽ» አሳተመ። አገር ቤት ማተሚያ ስላልነበረ ሥራው ወደ ውጭ ይላክ ነበር፤ መጀመሪያ ህንድ፣ ኋላ ሊባኖስ። እስከ 1975 ድረስ 103 ሲንግልና 12 ያህል ኤልፒ አወጣ። ከዚያ በደርግ ዘመን ወደ አሜሪካ ሄደ። እንግዲህ በወረቀት ከሄድን የአምሃ ሸክላም «ሕገወጥ» ነበር። ግን ዘፋኙን ስቱዲዮ አስገብቶ፣ ስሙን ጽፎ፣ በራሱ ስም ነው ያወጣው። ለኔ ልዩነቱ ያለው እዚህ ጋ ነው። አዋጅ መጣስና የሰው ላብ መውሰድ አንድ አይደሉም።

ከሰዓት በኋላ «አፍሪካ» የሚል ሳጥን ያለው ጠረጴዛ አገኘሁ። የኛ ሰዎች ሸክላ ሞልቷል! ጥላሁን፣ ማህሙድ፣ ሙላቱ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ማውጣት ጀመርኩ። በሕጋዊ መንገድ ዳግም የታተሙ አሉ። የአሳታሚው ስምና አድራሻ፣ ፈቃዱን የሰጠው ሰው፣ ውስጡ የሙዚቀኛው ታሪክ ያለበት ወረቀት። ከነሱ ጋር ተቀላቅለው ደግሞ አድራሻ የሌላቸው አሉ። ሽፋኑ ያብረቀርቃል፣ ባርኮድ የለም፣ ማን እንዳሳተመው አይታወቅም። ዋጋቸው ተመሳሳይ ነው፣ 22 እና 25 ዩሮ። ሲሠራ ውሎ የመጣ ሰው እንዴት ይለየዋል? እትዬ እንዴት ትለይ?

ነጋዴውን ጠየቅኩት። «ይሄኛው ፈቃድ አለው?» ትከሻውን ሰበቀ። «ሙዚቃው እንዲሰማ ነው፤ ኦሪጅናሉ በመቶዎች ዩሮ ነው፣ ማን ይገዛዋል?» አለኝ።

መልሱ ቀላል አይደለም፣ አውቃለሁ። የሙላቱ ሙዚቃ በ2005 በጂም ጃርሙሽ ፊልም ላይ ከተሰማ ወዲህ የኛ አሮጌ ሸክላ ዋጋ ጣራ ነክቷል። መርካቶና ፒያሳ የነበረው ተለቅሞ ወጥቷል። እኔ ራሴ አዲስ አበባ ተቀምጬ የማልችላቸው የአዲስ አበባ ሸክላዎች አሉ። ግን ያ ሁሉ ሙዚቀኛ ታሪክ ብቻ አይደለም። በሕይወት ያሉ፣ ዛሬም መድረክ ላይ የሚወጡ፣ የቤት ኪራይ የሚከፍሉ ሰዎች አሉበት። «ለዘፋኙ ስንት ደረሰው?» አልኩት። ሌላ ደንበኛ አነጋገረ።

ዲስኮግስ፣ ሰብሳቢው ሁሉ ሸክላውን የሚመዘግብበትና የሚገበያይበት ድረ ገጽ፣ ፎርጅድና ቡትሌግ እንዳይሸጥበት ከልክሏል። እንዲያም ሆኖ ካርቶን ውስጥ ያለን ሸክላ ድረ ገጽ አያየውም። ሌላም ነገር አለ፤ ጃዝ የሚሸጡት ጠረጴዛ ላይ ርካሽ ቅጂ አይቼ ፎርጅድ መስሎኝ ነበር። ከ1963 በፊት የወጣ የድምፅ ቅጂ አውሮፓ ውስጥ የጥበቃ ዘመኑ እንዳለቀ፣ ስለዚህ እሱ ሕጋዊ እንደሆነ ነገሩኝ። ሳጥኑ ውስጥ ያየኋቸው የኛዎቹ ግን ከዚያ በኋላ የወጡ ናቸው።

ምሳዬን ከግድግዳ ገዛሁ። ሳንቲም ከተህ ትንሿን በር ስትከፍት ትኩስ ክሮኬት ታገኛለህ፤ ያኔ 2 ዩሮ ነበር። ውስጡ ያቃጥላል። ወጥቼ ስሄድ ዶፍ ወረደብኝ። ቦርሳዬ ራሰ።

እሑድ፣ ብራሰልስ

ማታ ቦርሳዬ እንዲደርቅልኝ ማሞቂያው ላይ አስደግፌው ተኛሁ። ጠዋት ሳነሳው የእትዬ ሸክላ እንደ ሳህን ጎብጧል። ሸክላ እና ሙቀት! ለስንት ሰው የመከርኩት ነገር ነው። የቤቱ እመቤት አይተውኝ ሮጠው ሁለት መስታወት አመጡ፣ ሸክላውን መሀል አድርገው ትልቅ መጽሐፍ ቅዱስ ጫኑበት። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። አልቃናም። ፎርጅድም ቢሆን ስጦታዬ ነው፣ አንጀቴን በላኝ።

ብራሰልስ የወረድኩት ለሁለት ነገር ነው። ዡ ደ ባል የሚባለው አደባባይ በየቀኑ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። ምን አለሽ ተራን ለሚያውቅ እንግዳ አይሆንበትም። ዕቃው ኮብልስቶን ላይ ተዘርግቷል፤ የተሰበረ ወንበር፣ የሰው ሠርግ ፎቶ፣ ማንኪያ፣ ሸክላ። ልዩነቱ ማንም አይጠራህም፣ እጅህን አይጎትትህም። እኔ መጠራቱ ናፈቀኝ።

ሁለተኛው ነገር ማህሙድ አሕመድ ነው። «እሬ መላ መላ» አዲስ አበባ በካይፋ ሬከርድስ ወጥቶ ነበር። በ1986 ይህችው ከተማ ያለው ክራምድ ዲስክስ ነው ለአውሮፓ ያወጣው። ኤትዮፒክስ የሚባሉት ተከታታይ የኢትዮጵያ የድሮ ሙዚቃ ሲዲዎች ፓሪስ ውስጥ መውጣት የጀመሩት ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ በ1997 ነው። እና ያንን የብራሰልስ እትም ብራሰልስ መሬት ላይ ማግኘት ፈልጌ ነበር። አገኘሁትም! እርጥብ ካርቶን ውስጥ፣ በፈረንሳይ ዘፋኞች መሀል። ቀለበቱን አየሁ፣ ጽሑፉን አየሁ፣ ንጹሕ ነው። 18 ዩሮ ጠየቁኝ፣ በ15 ተስማማን። ለደስታዬ ድንች ጥብስ በወረቀት ጥቅልል ገዛሁ፣ 3 ዩሮ ተኩል። ከላይ የሚያፈሱበት ስጎ ስምንት ዓይነት ነው። ማታ በአውቶቡስ ፓሪስ ገባሁ።

ሰኞ፣ ፓሪስ

የሴንት ኡዋን የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሰኞም ይከፈታል፣ ሰው ግን ይቀንሳል። በሜትሮ ሄጄ በእግር ገባሁ። ከድልድዩ ሥር ፎርጅድ ጫማና ቀበቶ የሚሸጡ ልጆች ተደርድረዋል። ሰው ጫማውን ሲያገላብጥ ስፌቱን ነው የሚያየው። ሁላችንም የየራሳችን ቀለበት አለን።

ከውስጥ አንዲት ጠባብ የሸክላ ሱቅ አለች። የአፍሪካ ሸክላ እንዳለ ጠየቅኩ። ባለቤቱ አጎንብሶ ከመደርደሪያው ሥር ትንሽ ሳጥን አወጣ። አንዱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ለብቻው አስቀምጦታል። የአለማየሁ እሸቴ ሲንግል፣ አምሃ ሬከርድስ። ዋጋ 180 ዩሮ። ምልክቱ ላይ «የዘፋኙ ፊርማ ያለበት» ይላል።

እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። መሀሉ ላይ ያለው ወረቀት ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኗል። የአንድ ሙዚቃ ቤት ክብ ማኅተም አለበት፣ ሐምራዊ ቀለሙ ደብዝዟል። የ«ዲ» እግር በቦታዋ ናት። የቀለበቷ ቁጥር በእጅ የተጫረች ናት፣ አንዷ አኃዝ ወደ ጎን ዘመም ብላለች። እና በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በትንንሽ ፊደል፣ ቀዳዳውን ዞሮ የተጻፈ ነገር አለ።

አነበብኩት። ከዚያ ሰውየው ላይ ቀና አልኩ።

«ፊርማ አይደለም» አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። «ፎርጅድ ነው እንዳትለኝ። አንድ ሰው ስድሳ አራት የሚለውን ቁጥር አይቶ አጭበርባሪ ብሎኝ ሄዷል። ኩባንያው የተቋቋመው በ1969 ነው፣ እንዴት በ1964 ይፈረማል አለኝ።»

ሳቄ መጣ፣ የደስታ ሳቅ። በኛ አቆጣጠር መሆኑን አስረዳሁት። 1964 ማለት እናንተ 1971 እና 72 የምትሉት ነው፤ ሸክላው ኦሪጅናል ነው፣ ዘመኑም ልክ ነው። የጻፈው ግን ዘፋኙ አይደለም። ከዚያ ጣቴን እያስከተልኩ ቃል በቃል ተረጎምኩለት። «ለእትዬ፣ ከወንድምሽ። ካዛንቺስ፣ ፋሲካ 1964።»

ሰውየው ዝም አለ። ከሸክላው ጋር ስንት ዓመት እንደኖረ ጠየቅኩት። ስድስት ዓመት አለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ምን እንደሚል ሳያውቅ።

ማጫወቻው ላይ አስቀመጠው። መርፌው ሲነካ ጭረቱ ተሰማ፤ ይሄኛው ግን ዓይን ላይም ይታያል፣ ከዳር እስከ መሀል የምትሄድ አንዲት ቀጭን መስመር። ከዚያ ጡሩምባው ገባ። የፍራንክፈርቱ ላይ የጠፋው ነገር ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ቤዙ አለ። ከበሮው የቆመበት ቦታ ይታወቃል። አለማየሁ ትንፋሽ ሲስብ ይሰማል። ደንበኛ ሆኖ የገባ አንድ ወጣት ሳጥን መገልበጡን ተወ።

ሲያልቅ ሰውየው «የዘፋኙ ፊርማ» የሚለውን ወረቀት ላጠና ቀደደው። «120» አለኝ። ኪሴ ውስጥ 140 ነበር የቀረኝ። 120 ዩሮ ወደ 4,000 ብር ነው። ለሲንግል ይህን ያህል ከፍዬ አላውቅም። ከፈልኩ። ምሳዬን ዳቦና ሙዝ በላሁ።

ማክሰኞ፣ ፍራንክፈርት

የመመለሻ በረራዬ ከፍራንክፈርት ነበር። እትዬ ከሌሊት ፈረቃ ገብታ ሳትተኛ ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። ዕጣኑ ደረጃው ድረስ ይሸታል።

ሁለተኛው ስኒ ላይ ነገርኳት። የጎበጠውን አወጣሁና «አደስ» የሚለውን አሳየኋት። አቀርቅራ አነበበችው። «እኔ እኮ ሥዕሉን ነው ያየሁት፤ በኛ ፊደል ተጽፎ ሳይ ደስ ብሎኝ አላነበብኩትም» አለች። ድምፇ ተሰበረ። «45 ዩሮ!» ከዚያ ደግሞ፣ «ለሱ ሳይደርሰው ቀረ ማለት ነው?» ዘፋኙን ማለቷ ነው። ከገንዘቧ ይልቅ የቆጫት ያ ነው።

የፓሪሱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ፣ ከረከቦቱ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩላት። መነጽሯን ፈለገች። በሁለት እጇ ይዛ ወደ መስኮቱ አዘነበለችው፣ ጽሑፉን ተከትላ ሸክላውን ቀስ ብላ እያዞረች አነበበች። ለእትዬ። ከወንድምሽ።

ቀና ብላ አየችኝ።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»